የ3 ወር ተኩል ሕፃን፣ 7 ቀን የዘለቀ ትኩሳት፣ አንቲባዮቲክ አልሠራም፦ ካዋሳኪ (የሕፃናት የደም ሥር ብግነት በሽታ) ለማለት ስንት ምልክት ይበቃል?

ጮቄ (ጠቅላላ ሐኪም፣ ሞጣ አካባቢ)

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች። ሕፃኑ ወንድ ነው፤ 5.5 ኪሎ፣ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር። ትኩሳቱ ዛሬ 7ኛ ቀኑን ይዟል፤ ከ38.5 እስከ 39.6 ይመላለሳል። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ተጀምሮለት በ48 ሰዓት ለውጥ ስላልታየ ወደ ሴፍትሪያክሶን ተቀየረ። ሴፍትሪያክሶኑ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ትኩሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

በ3ኛው ቀን ደረቱና ብሽሽቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶ በማግሥቱ ጠፋ። በ4ኛው ቀን ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው ነበር፤ ፈሳሽ አልነበራቸውም፤ አሁን ጠርተዋል። ከንፈሩ ቀልቶ ደርቋል። እጅና እግሩ አላበጠም፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት የለም። ከሁሉ የከበደው ጭንቀቱ ነው፤ ጡት አፉ ውስጥ እያለ እንኳ አያርፍም።

ነጭ የደም ሴል 18,400፣ ሄሞግሎቢን 9.6፣ ፕላትሌት 520,000። ወባ በማይክሮስኮፕ የለም። ሽንቱ በዲፕስቲክ ንጹሕ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ግን በአንድ ፊልድ ከ12 እስከ 15 ነጭ ሴል ታየ። የጀርባ ፈሳሽ 40 ሴል፣ አብዛኛው ሊምፎሳይት፣ ስኳሩም ፕሮቲኑም ደህና። ሲአርፒ (ብግነትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) «ፖዘቲቭ» ተብሎ ብቻ መጣ። አልቡሚንና የጉበት ምርመራ ዛሬ አይሠራም፤ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የለንም።

ካዋሳኪ ጠርጥሬያለሁ። ነገር ግን አሁን አልጋው አጠገብ ቆሜ የማየው ምልክት የከንፈሩ ብቻ ነው። ምልክቶቹ እስኪሟሉ ልጠብቅ? ወይስ በግማሽ የታከመ ማጅራት ገትር ነው ብዬ አንቲባዮቲኩን እስከ 10 ቀን ልግፋ?

---

ጣና ዳር (የሕፃናት ሐኪም፣ ባሕር ዳር)

ዶክተር፣ ሁለቱንም አያድርጉ። ይህ ሕፃን መላክ አለበት።

በመጀመሪያ የምልክት አቆጣጠሩን እናስተካክል። አምስቱ ምልክቶች (ፈሳሽ የሌለው የሁለት ዓይን መቅላት፣ የከንፈርና የአፍ ለውጥ፣ ሽፍታ፣ የእጅና የእግር መቅላት ወይም ማበጥ፣ ከ1.5 ሴንቲሜትር ያላነሰ የአንገት ንፍፊት) በአንድ ቀን አብረው መታየት የለባቸውም። መጥቶ የጠፋውም ይቆጠራል። ስለዚህ እርስዎ ያለዎት አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፦ ሽፍታ፣ ዓይን፣ ከንፈር። አራት ቢሆን ሙሉ ካዋሳኪ ይባል ነበር፤ በሦስት «ያልተሟላ» የሚባለው ዓይነት ነው። ያልተሟላ ማለት ግን ቀላል ማለት አይደለም። ከ6 ወር በታች ያሉት ምልክታቸው ትንሽ ሆኖ የልባቸው ደም ቅዳ ቧንቧ፣ ኮሮናሪው፣ ከሌላው ዕድሜ ይበልጥ የሚጎዳባቸው ናቸው። የአንገት ንፍፊት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ከአምስቱ ሁሉ እምብዛም የማይገኘው ስለሆነ አለመኖሩ ምንም አይነግርዎትም።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ ለጨቅላ ዕድሜ የተለየ በር የከፈተው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት 7 ቀን የሞላው ሕፃን፣ ከአምስቱ አንድም ምልክት ባይኖረው እንኳ ሲአርፒና ኢኤስአር (ሌላው የብግነት ምርመራ፣ ቀይ ሴል የሚዘቅጥበት ፍጥነት) ይሠራለታል። ሲአርፒ በዴሲሊተር 3 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ፣ አሊያም ኢኤስአር በሰዓት 40 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደሚቀጥሉት ስድስት ይኬዳል፦ ለዕድሜው ያነሰ ሄሞግሎቢን፣ ከ7ኛው ቀን በኋላ 450,000 የደረሰ ፕላትሌት፣ 3 ግራምና ከዚያ በታች የሆነ አልቡሚን፣ ከፍ ያለ ኤኤልቲ (የጉበት ምርመራ)፣ 15,000 የደረሰ ነጭ ሴል፣ በሽንት በአንድ ፊልድ 10 ነጭ ሴል። ከስድስቱ ሦስት ከተገኘ ይታከማል፤ ኢኮ እስኪገኝ ሕክምና አይዘገይም። ሦስት ባይሞላም ኢኮው ለውጥ ካሳየ ያው ይታከማል።

የእርስዎን እንቁጠር። ነጭ ሴሉ አለ፤ ሽንቱ አለ። ፕላትሌቱ ቁጥሩን አልፏል፤ ቀኑ ግን ገና 7ኛው ላይ ነው፣ ነገ ቢደገም ጥያቄው ያበቃል። ሄሞግሎቢኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ የ3 ወር ሕፃን በተፈጥሮም ሄሞግሎቢኑ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ስለሆነ 9.6 ብቻውን ላያስደነግጥ ይችላል። ሆኖም ሞጣም ሆነ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ ለንጽጽር ከተነበበው ቁጥር ላይ ከ1 ግራም በላይ ይቀነሳል። ያኔ 9.6 የነበረው ወደ 8 ግራም ቤት ይወርዳል፤ ይህ የደም ማነስ ነው። ደጋ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን ቶሎ እንረሳለን።

ማጅራት ገትር የመሰለዎት ፈሳሽም ከዚሁ በሽታ ሊሆን ይችላል። ካዋሳኪ ባክቴሪያ የሌለበት የማጅራት ብግነት ያመጣል፤ ሊምፎሳይት በዛ ያለ፣ ስኳሩና ፕሮቲኑ ያልተዛባ ፈሳሽ። ሽንቱም እንደዚያው ባክቴሪያ የሌለው መግል ነው። የሕፃናት ካዋሳኪ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ የሽንት ኢንፌክሽን ይላል፣ ሌላው ማጅራት ገትር ይላል፣ ሽፍታውን ደግሞ ሁለቱም የመድኃኒት አለርጂ ይሉታል። ሦስቱ ተለያይተው ስለተቀመጡ አንድ በሽታ መሆናቸው አይታይም።

ሕፃኑን ልብሱን አውልቀው እንደገና ይዩት። የቢሲጂ ክትባት የተሰጠበት ቦታ ዙሪያው ቀልቶ ወይም አብጦ እንደሆነ፤ በኛ አገር ቢሲጂ ሲወለዱ ስለሚሰጥ ይህ ምልክት ጠቃሚ ነው፣ ከአምስቱ ባይቆጠርም ጥርጣሬውን በጣም ያጠነክራል። ብሽሽትና መቀመጫ አካባቢ ቆዳው ቀልቶ መላጥ ከጀመረ ይመዝግቡት፤ እዚያ የሚላጠው ቀድሞ ነው። የጣት ጫፍ መላጥ ግን የሚመጣው በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት ስለሆነ እሱን መጠበቅ አኑሪዝሙን (የደም ቧንቧውን መለጠጥ) መጠበቅ ማለት ነው። ሳይታከሙ ከሚቀሩት ከአራቱ አንዱ ገደማ የኮሮናሪ ጉዳት ይደርስበታል። በደም ሥር የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት፣ ኢሚውኖግሎቡሊን፣ የሚጠቅመው ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ፣ ከተቻለም በ7 ቀን ውስጥ ሲሰጥ ነው።

---

ብር ሸለቆ (ጤና መኮንን)

በመርሕ ደረጃ እስማማለሁ። ግን እዚህ ቆላው ላይ ሆኜ ስመለከተው 7 ቀን ትኩሳት ያለው ሕፃን ሁሉ ካዋሳኪ ከተባለ ሴፕሲሱ (በደም የተሠራጨ ከባድ ኢንፌክሽን) ያመልጠናል። ወባ፣ ኩፍኝ፣ ተስቦ፣ ግርሻ፣ የሽንት ኢንፌክሽን የት ሄዱ? ደግሞ ብዙ ቤተሰብ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ፣ አንዳንዱም እንጥል አስቆርጦ ነው የሚመጣው። የቀላ ቆዳና የቀላ አፍ ከዚያም ሊመጣ ይችላል።

---

ጣና ዳር

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ የእንጥሉ ነገር ሁልጊዜ መጠየቅ አለበት። ጉሮሮ በስፓቱላ ይታይ፤ ተቆርጦ ከሆነ ቁስሉም ሴፕሲሱም በዚያ በኩል ሊመጣ ይችላል። ቅጠል ተሽቶ ከሆነ መቅላቱ የተሸበት ቦታ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ብሽሽት ላይ ያለ ሽፍታ በዚህ አይብራራም።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ኩፍኝ ሳል፣ ንፍጥና የሚያዥ ዓይን ይዞ ይመጣል፣ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወዲያው አይጠፋም። የካዋሳኪ ዓይን ደረቅ ነው፤ በጥቁሩ ክብ ዙሪያም ሳይቀላ የሚቀር ነጭ ቀለበት ይታያል። ግርሻ በደም ስላይድ ላይ ተህዋሱ ይታያል፤ ስለዚህ ስላይዱን ለወባ ያየው ሰው ለግርሻም እንዲያይ ይነገረው። አዴኖቫይረስ ዓይን ያቀላል፣ ግን ፈሳሽና የጉሮሮ መግል አለው። ዓይን፣ አፍና ብልት ላይ የቆሰለ፣ ውኃ የቋጠረ ቆዳ ካለ ወደ መድኃኒት ጉዳት ያስቡ፤ ካዋሳኪ ውኃ አያስቋጥርም፣ አፍም አያቆስልም።

አንቲባዮቲክ ይቁም አላልኩም። ከ3 ወር ተኩል ሕፃን ላይ ካልቸር ነጋቲቭ ሳይሆን አንቲባዮቲክ አይነሳም። የምለው ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ ነው። ሴፍትሪያክሶኑ እየተሰጠ ሪፈር ይጻፋል፤ የአንቲባዮቲኩን 10 ቀን መጨረስ ለሪፈሩ ቅድመ ሁኔታ አይሆንም።

---

ዘንገና (ሜዲካል ላብራቶሪ፣ እንጅባራ)

ዶክተር፣ «ሲአርፒ ፖዘቲቭ» የሚለው ውጤት ለዚህ ውሳኔ አይበቃም፤ ላብራቶሪውን ቁጥር ይጠይቁት። አብዛኛው የላቴክስ ኪት (ሲአርፒ ካለ በስላይድ ላይ ተያይዞ የሚታይ ምርመራ) መያያዝ የሚጀምረው በሊትር 6 ሚሊግራም ላይ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን 30 ነው። እዚህ ላይ የመለኪያውን ነገር ልብ በሉ፦ መመሪያው 3 የሚለው በዴሲሊተር ነው፤ ማሽኑ በሊትር ከጻፈ 30 ይሆናል። በሊትር 4 ሚሊግራም የወጣን ውጤት «ከ3 በላይ ነው» ብሎ ማንበብም፣ በዴሲሊተር የተጻፈ 5ን «ከ30 በታች ነው» ብሎ መጣልም ይቻላል። አልቡሚንም እንዲሁ፤ 3 በዴሲሊተር፣ 30 በሊትር።

ማሽን ከሌለ በላቴክሱ ራሱ በግምት ቁጥር ይገኛል። ሴረሙን በኖርማል ሳላይን 1 ለ2፣ 1 ለ4፣ 1 ለ8፣ 1 ለ16 ማቅጠን፤ እያንዳንዱን በስላይድ ላይ መሞከር። ለመጨረሻ ጊዜ የተያያዘበትን ማቅጠኛ በ6 ማባዛት። 1 ለ4 ላይ ካቆመ ወደ 24፣ 1 ለ8 ላይ ከሆነ ወደ 48 ነው። 1 ለ8 ፖዘቲቭ ከሆነ መስፈርቱን አልፏል። 1 ለ4 ላይ ከቆመ ግን መካከል ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ይደገማል። ስላይዱ በ2 ደቂቃ ይነበብ፤ ከዚያ በኋላ ሲደርቅ የሌለውን ያለ ያስመስላል። በጣም ከፍ ያለ ሲአርፒ ደግሞ ሳይቀጥን ሲሞከር ነጋቲቭ ሊመስል ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ ያልቀጠነው ነጋቲቭ ሆነ ተብሎ አይቆም።

ኢኤስአር በዌስተርግሬን 1.6 ሚሊሊትር ደም ከ0.4 ሲትሬት ጋር ይፈልጋል። ለ5 ኪሎ ሕፃን ደሙን አስቀድሞ ማቀድ ያስፈልጋል፤ ሲቢሲውን (የደም ሴል ቆጠራውን)፣ ሴረሙንና ይህን በአንድ ውጊያ ውሰዱ። ቱቦው ትንሽ ዘንበል ካለ ንባቡ ከፍ ይላል፤ የደም ማነስም ከፍ ያደርገዋል። ኢሚውኖግሎቡሊን ከተሰጠ በኋላ ኢኤስአር ዋጋ የለውም፣ መድኃኒቱ ራሱ ከፍ ያደርገዋልና፤ ያኔ የምትከታተሉት በሲአርፒ ነው።

ፕላትሌትን በተመለከተ፦ ከተረከዝ ተጨምቆ የተወሰደ ደም በቀላሉ ይረጋል፤ ማሽኑም ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ቱቦው ውስጥ ክር የመሰለ ነገር ካለ ናሙናው ይጣል። በማሽን 520,000 የወጣውንም ስሚር ላይ አረጋግጡ፤ በመጠን በጣም ያነሱ ቀይ ሴሎች ካሉ ማሽኑ እንደ ፕላትሌት ይቆጥራቸዋል።

ሽንቱ ላይ ዲፕስቲክና ማይክሮስኮፕ የተለያዩት ስሕተት ሆኖ ላይሆን ይችላል። ካዋሳኪ ላይ የሚታዩት ነጭ ሴሎች ብዙ ጊዜ ስትሪፑ የሚያውቃቸው ዓይነት አይደሉም። ሴሎቹ ከሽንት መውጫ ቱቦው ስለሚመጡ በካቴተር የተወሰደ ሽንት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ለካልቸር በካቴተር፣ ሴል ለመቁጠር በከረጢት ወይም ሲሸና በቀጥታ የተቀበሉትን መላክ ነው የሚሻለው።

---

ጮቄ

እግዜር ይስጥልኝ። የላብራቶሪ ባለሙያችን አቅጥኖ ሠራው፤ 1 ለ8 ፖዘቲቭ፣ 1 ለ16 ነጋቲቭ። ኢኤስአር 68። የቢሲጂው ቦታ ዙሪያውን ቀልቷል፣ ጠርዙ ጠጣር ነው፤ እናቱ ከታመመ ወዲህ ነው ትላለች። እንጥል አልተቆረጠም። ስላይዱ ለግርሻም ታይቷል፣ የለም። ባሕር ዳር ደውዬ ኢኮ እንደሚሠራለት አረጋግጫለሁ። ሪፈሩ ላይ ምን ይጻፍ? ከመሄዱ በፊትስ የሚጀመር ነገር አለ?

---

ደጋ ዳሞት (የልብ ኢኮ የሚሠራ ሐኪም)

ሪፈሩ ላይ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን በቀኑ ይጻፉ፤ «ከሳምንት ወዲህ» አይበቃም፤ የመጀመሪያው የትኩሳት ቀን 1ኛ ቀን ተብሎ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ምልክት የታየበትንና የጠፋበትን ቀን ይጻፉ፤ የቢሲጂውን ቦታ በእናቱ ፈቃድ በስልክ ፎቶ ያንሱት፣ ነገ ሊጠፋ ይችላል። ክብደትና ቁመት በትክክል ይለካ። ቁመቱ በግምት ከተጻፈ የኛ ስሌት ይበላሻል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የኮሮናሪ ስፋት የሚመዘነው በሚሊሜትር ብቻ ሳይሆን ከሰውነቱ ስፋት አንጻር በሚወጣ ዜድ ስኮር (ከመደበኛው ልክ ምን ያህል እንደራቀ በሚያሳይ ቁጥር) ነው። 5.5 ኪሎ በ60 ሴንቲሜትር ተባዝቶ፣ ለ3,600 ተካፍሎ፣ ሩቱ ሲወጣ 0.30 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ስፋት የግራው የፊት ቅርንጫፍ መደበኛ ልኩ 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ዜድ 2.5 የሚደርሰው 1.9 ሚሊሜትር አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ 3 ሚሊሜትር ድረስ ደህና ነው የሚለውን የቆየ የጃፓን መስፈርት ይዞ ይህን ሕፃን የሚመለከት ሰው 2.6 ሚሊሜትር ያገኝና «ኖርማል» ብሎ ይጽፋል። ያ ግን ዜድ 6 ገደማ ነው፤ መካከለኛ አኑሪዝም። ሪፖርቱ ላይ ሚሊሜትርና ዜድ ስኮር አብረው ካልተጻፉ መልሳችሁ ጠይቁ።

ኢኮውን ለሚሠራው፦ ያለውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ፕሮብ፣ ከተገኘ ከ8 እስከ 12 ሜጋኸርዝ፤ የአዋቂ ፕሮብ ይህን መጠን ለይቶ አያሳይም። ከደረት አጥንት ጎን በአጭሩ ቁርጥ፣ በአኦርቲክ ቫልቭ ደረጃ፤ ልኬቱ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ፤ ቅርንጫፍ የሚወጣበት ቦታ ላይ አይለካም፣ እዚያ በተፈጥሮም ሰፊ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ላይ የተወሰደ ልኬት አይታመንም፤ ካዋሳኪ ያለበት ደግሞ ዝም አይልም። ጡት ጠብቶ እንቅልፍ ሲወስደው ይሞከር፣ ካልሆነ ማስተኛ መድኃኒት በክትትል ይሰጥ። ቱቦው ባይሰፋም በሚትራል ቫልቭ ደም ወደ ኋላ መመለስ፣ የግራ ልብ ጉልበት መቀነስ፣ በልብ ዙሪያ ፈሳሽ፣ ከ2 እስከ 2.5 ያለ ዜድ ይመዝገብ፤ ከነዚህ ሦስቱ አብረው ሲገኙ ኢኮው ፖዘቲቭ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የተሠራ ኢኮ ንጹሕ ከሆነ በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ መስፋቱ ብዙ ጊዜ በኋላ ነው የሚመጣው። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይደገማል። ዜድ 2.5 ካለፈ መስፋቱ እስኪቆም በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ።

---

የእንዶዳ ጥላ (ክሊኒካል ፋርማሲ፣ ደብረ ማርቆስ)

ከመሄዱ በፊት ስለሚጀመረው፦ አይቡፕሮፌን አይሰጥ፤ ኋላ የሚጀመርለት አስፕሪን በፕላትሌት ላይ የሚሠራውን ይቃወመዋል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ስቴሮይድ በግምት አይጀመር፤ ትኩሳቱን አውርዶ ሥዕሉን ያደበዝዛል። ከ6 ወር በታች መሆኑ ራሱ ለከፍተኛ አደጋ ስለሚያስመድበው ከኢሚውኖግሎቡሊኑ ጋር ስቴሮይድ ሊታሰብ ይችላል፤ ያንን ግን ኢኮውን ያየው ቡድን ይወስን።

ኢሚውኖግሎቡሊኑ መኖሩን ሕፃኑ ሳይነሳ በስልክ ይጠይቁ፤ ፈልጎ ለማግኘት የሚጠፋው ቀን ከ10ሩ ላይ ነው የሚቀነሰው። የሚያስፈልገው በኪሎ 2 ግራም፣ ለእርሱ 11 ግራም ነው፤ 10 ፐርሰንት ከሆነ 110 ሚሊሊትር፣ 5 ፐርሰንት ከሆነ 220። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈስሳል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በጣም በቀስታ። ቤተሰብ ከሌላ ከተማ ገዝቶ የሚያመጣ ከሆነ በበረዶ ሳጥን ይሁን፣ ጠርሙሱ ግን በረዶውን አይንካ፤ አንዴ በረዶ ሆኖ የረጋ ጠርሙስ ይጣላል። አይናጥም፤ ከተናጠ አረፋ ይሆናል። ፈስሶ ካለቀ ከ36 ሰዓት በኋላ ትኩሳት ካለ አልሠራም ይባላልና ሰዓቱ ካርድ ላይ ይጻፍ።

አስፕሪን ሲጀመር በቀን በኪሎ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም፣ በአራት ተከፍሎ ነው፤ በ81 ሚሊግራሙ እንክብል ግማሽ ግማሽ በቀን አራቴ ለእርሱ ወደ 30ው ይጠጋል። ትኩሳቱ ለ48 እስከ 72 ሰዓት ከጠፋ በኋላ በቀን አንዴ በኪሎ ከ3 እስከ 5 ይሆናል፤ ሩብ እንክብል ማለት ነው፣ በጥቂት ውኃ ሟሙቶ። ኮሮናሪው ካልተነካ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃል። ለእናቲቱ ሩቡን ቆርሶ ማሳየት፣ በራሷም እጅ ማስቆረስ ያስፈልጋል፤ በቃል ብቻ ከተነገረ ግማሽ እየሰጠች ልትቀጥል ትችላለች።

---

ማር ዘነብ (የክትባት ነርስ)

የክትባት ካርዱን አትርሱ። ኢሚውኖግሎቡሊን ከወሰደ የኩፍኝ ክትባት ለ11 ወር አይይዝለትም። ይህ ልጅ በ9 ወሩ ጤና ጣቢያ ሲሄድ እንደ ማንም ልጅ ይከተብና «ወስዷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ክትባቱ ግን ላይሠራ ይችላል። መድኃኒቱ የተሰጠበት ቀን ካርዱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። አካባቢው ላይ ኩፍኝ ካለ በ9 ወሩም ይሰጠው፣ ነገር ግን ኢሚውኖግሎቡሊኑ ከተሰጠ 11 ወር ሲሞላ ይደገም፤ የመጀመሪያው አይቆጠርም። ፖሊዮ፣ ሮታ፣ ፔንታቫለንትና ኒሞኮካል በጊዜያቸው ይቀጥላሉ።

---

ጮቄ

ሁሉንም ጽፌያለሁ። ሴፍትሪያክሶኑ እየተሰጠው ዛሬ ከሰዓት አምቡላንስ ይነሳል፤ የነገ ፕላትሌት እዚያው ይደገማል። መድኃኒቱ መኖሩን በስልክ አረጋግጫለሁ።

---

ጣና ዳር

ጥሩ። መንገድ ላይ ጡት ይጥባ፣ የደም ሥሩ መስመር እንዳይወጣ ያስሩለት። ሲደርስ ፈሳሽ በብዛት እንዳይሰጠው ማስታወሻ ይግባ፤ የልቡ ጉልበት ገና አልታየም፣ በዚያ ላይ 110 ወይም 220 ሚሊሊትር ሊገባለት ነው።